ኦርኮ የጠፋባት ትንኝ ሰውን ታገኛለች፣ ኦርኮ የጠፋባት ጉንዳን ግን ከጎጆዋ ትጠፋለች፦ ልዩነቱ ከምን መጣ?

አባይ_ማዶ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኤዲስ ኢጂፕታይ ትንኝ የማሽተት ዘረመሎች ላይ የጥናት ሐሳብ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ነገር ላይ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ።

ኦርኮ የሚባለው ዘረመል "ኦር" ለተባለው የሽታ ተቀባዮች ቤተሰብ በሙሉ የጋራ አጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ ዘረመል ኤዲስ ላይ ሲሰናከል ትንኟ ሰውን ከጊኒ ፒግ ለይታ መምረጥ አቃታት እንጂ ወደ ሰው መምጣቷን አላቆመችም። በ2017 ደግሞ ሁለት ቡድኖች ያንኑ ዘረመል ጉንዳን ላይ ሲያሰናክሉት የአንጎሏ የማሽተት ክፍል ራሱ ተኮማትሮ ተገኘ። ዘረመሉ አንድ ሆኖ ውጤቱ ለምን ተለያየ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ክሪስፐር በተባለው ዘረመል የመቁረጫ ዘዴ ኦርኮ የሌላት ትንኝ ለማውጣት ሲሞከር ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የት ላይ ነው? ሦስተኛው፣ ዘረመሉ በእርግጥ ሥራ ማቆሙን ከዲኤንኤ ንባብ ውጪ በምን ማረጋገጥ ይቻላል? አመሰግናለሁ።

——

ነፍሳት_አጥኚ መለሰ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልጀምረው።

ትንኝ ሰውን የምታገኘው በአንድ የተቀባይ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ሦስት በር ያለው ቤት አድርገህ አስበው። አንደኛው በር የኦር ቤተሰብ ነው። እነዚህ ብቻቸውን አይሠሩም። እያንዳንዱ ኦር ከኦርኮ ጋር ተጣምሮ የነርቭ ሕዋሱ ሽፋን ላይ አዮን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይሠራል። በ2024 የወጣው የኤዲስ ተቀባይ ቅርጽ እንዳሳየው ቀዳዳው ከአራት ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ሲሆን አንዱ ሽታውን የሚለየው ኦር፣ ሦስቱ ኦርኮ ናቸው። ስለዚህ ኦርኮ ሲጠፋ የኦር በር በሙሉ ይዘጋል። ኤዲስ ከመቶ በላይ የኦር ዘረመሎች አሏት፤ ሁሉም አብረው ሥራ ያቆማሉ።

ሁለቱ በሮች ግን ኦርኮን አይፈልጉም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያውቁት የ"ጂአር" ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ መቀመጫቸውም አንቴናው ሳይሆን ከመውጊያዋ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጫጭር ፓልፖች ናቸው። ጂአር3 የተሰናከለባት ኤዲስ (2014) ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንም ምላሽ አልሰጠችም። በላብ ውስጥ ያለውን ላክቲክ አሲድና ሌሎች አሲዶችን የሚይዘው ደግሞ የ"አይአር" ቤተሰብ ሲሆን የእሱ የጋራ አጋር አይአር8ኤ ነው። እሱ በ2019 ሲሰናከል ትንኟ ወደ ሰው መሳቧ በግልጽ ቀነሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም።

የ2013ቱን ውጤት ስታነብ አንድ ነገር እንዳያመልጥህ። ኦርኮ የሌላቸው ትንኞች ወደ ሰው ጠረን በደንብ የመጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመርላቸው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለበት የሰው ጠረን ብቻውን ሲቀርብላቸው ክፉኛ ደክመው ታይተዋል። ብዙ ማጠቃለያ ጽሑፎች ይህን ይዘሉትና "ኦርኮ አያስፈልግም" የሚል ስሜት ይተዋሉ። ትክክል አይደለም፤ ኦርኮ የሚሠራውን ሌሎቹ በሮች ይሸፍኑለታል ማለት ነው። ዲት በተባለው የትንኝ ማባረሪያ ቅባትም ላይ እንዲሁ ነው። ኦርኮ የሌላት ትንኝ ዲት የተቀባ ክንድ ላይ ከመቅረብ አትመለስም፤ ስታርፍበት ግን ትሸሻለች፤ ምክንያቱም በእግሯ ጫፍ የምታውቀው በሌላ መንገድ ነው።

በ2022 ደግሞ ነገሩ ጠለቀ። "አንድ የነርቭ ሕዋስ፣ አንድ ተቀባይ" የሚለው ደንብ ኤዲስ ላይ እንደማይጸና ታየ፤ ብዙ ሕዋሳት የኦርንም የአይአርንም ተቀባዮች አንድ ላይ ይይዛሉ። አንዱ ሲጠፋ ያው ሕዋስ በሌላው መሥራት የሚችልበት ዕድል አለ። የጥናት ሐሳብህ ላይ ይህን ካላስገባህ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

——

ጉንዳን_ቤት መለሰች፦

የጉንዳኑን ክፍል ልጨምር። "አንጎሉ ተኮማተረ" የሚለው እንዳለ ከተወሰደ ያሳስታልና።

ሁለቱ ዝርያዎች ኦሰሪያ ቢሮይ እና ሃርፔግናቶስ ሳልታቶር ናቸው። የተመረጡት በአጋጣሚ አይደለም። በአብዛኛው ጉንዳን ዘንድ እንቁላል የምትጥለው ንግሥቲቱ ብቻ ስለሆነች የተስተካከለ ዘረመል ያላት አንዲት ሠራተኛ ብታገኝም ትውልዱ እሷ ላይ ይቆማል። ኦሰሪያ ቢሮይ ንግሥት የላትም፤ ሠራተኞቹ ያለ ወንድ እንቁላል ጥለው ራሳቸውን ይደግማሉ። ስለዚህ ሁለቱም ቅጂ የተቆረጠባት አንዲት ጉንዳን ከተገኘች ከእሷ ሙሉ መስመር ማርባት ይቻላል። ችግሩም እዚያው ነው፦ ሁለቱም ቅጂ መቆረጥ አለበት። አንዱ ብቻ ከተቆረጠ እንደ ትንኝ ወንድምና እህት አዳቅለህ በሁለተኛው ትውልድ የምታጣራበት መንገድ የለህም። ሃርፔግናቶስ ላይ ደግሞ ሠራተኛዋ ከመንጋዋ ስትለይ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ ያልዳበረው እንቁላል አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወንድ ስለሚሆን የተቆረጠው ዘረመል ወንዱ ላይ ሳይደበቅ ይታያል። ከዚያ ማዳቀሉ ይቀጥላል።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ኦሰሪያ ቢሮይ አንቴናዋ የሚገባበት የአንጎል ክፍል ውስጥ ግሎሜሩለስ የሚባሉ 500 ገደማ የነርቭ እንክብሎች አሏት። ኦርኮ ሲጠፋ አብዛኞቹ አይገኙም። ፍሩት ፍላይ (የፍራፍሬ ዝንብ) ላይ ግን ኦርኮ ቢጠፋም እንክብሎቹ በቦታቸው ይፈጠራሉ፤ ምክንያቱም ሽቦ ዝርጋታው በተቀባዩ ላይ ሳይሆን በሌላ የዘረመል ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ነው።

ታዲያ ጉንዳኗ ላይ ምን ተፈጠረ? በፑፓ (እጯ ወደ አዋቂ በምትለወጥበት) ደረጃ በየጊዜው እየከፈቱ ሲታይ የማሽተት ነርቭ ሕዋሳቱ ይወለዳሉ። የሚጠፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያው ፑፓ ውስጥ ሳሉ በብዛት ራሳቸውን ያጠፋሉ። ማለትም ጉንዳን ላይ ኦርኮ ሽታ ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ሕዋሱ በሕይወት እንዲቆይም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ኦርኮ የሌላት ጉንዳን የጓደኞቿን የሽታ መንገድ አትከተልም፣ ከጎጆ ወጥታ ብቻዋን ትዞራለች፣ እንቁላል የምትጥለውም ያነሰ ነው። ይህን አይቶ "ማኅበራዊ ኑሮዋ በማሽተት ላይ የቆመ ነው" ማለት ይቀላል፤ ምናልባትም እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሙከራ ብቻውን አያረጋግጠውም፤ አላሸተተችም ወይስ አንጎሏ ሳይሞላ ቀረ የሚለውን መለየት አይቻልምና። ትንኝ ላይ ባህሪው ሲቀየር ምክንያቱን ለማሽተት መስጠት ይቀላል። ጉንዳን ላይ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ነጠላ ተቀባይን ለይቶ መፈተን። ሃርፔግናቶስ ላይ ኦር263 የተባለው ተቀባይ የንግሥት ምልክት ነው ለሚባለው ባለ 37 ካርቦን የቆዳ ሰም ጠንካራ ምላሽ ሲሰጥ ታይቷል። ሌላው መንገድ የነርቭ ሕዋሱ ሲሠራ በካልሲየም የሚያበራ ፕሮቲን የተሸከሙ ጉንዳኖችን አንጎል በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በ2023 ኦሰሪያ ቢሮይ ላይ ይህ ሲሠራ የአደጋ ምልክት የሆኑት ሽታዎች ከ500ዎቹ ውስጥ ጥቂት እንክብሎችን ብቻ ነው የቀሰቀሱት።

አንድ ቀላል ሙከራ ልጠቁምህ፤ ትንኝ ላይ ሳይሆን ጉንዳን ለሚያረባ ሰው ይጠቅማል። ሳህን ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፍና በማይለቅ ማርከር መስመር ይሰመርበታል። ጤነኛዋ ጉንዳን ከማርከሩ ሽታ ትሸሻለች፣ መስመሩ ጋ ስትደርስ ትመለሳለች። ኦርኮ የሌላት ዝም ብላ ታልፈዋለች። ማይክሮስኮፕ ሳይነካ ማሽተት መኖር አለመኖሩን በደቂቃዎች የሚያሳይ ነገር ነው።

——

ጥቁር_እንቁላል መለሰ፦

ሁለተኛው ጥያቄ የኔ ነው። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዲዛይኑ። መቁረጫውን ወደ ዘረመሉ የሚያደርሰውን የመሪ አርኤንኤህን 20 ፊደል ከመምረጥህ በፊት የምታረባቸውን ትንኞች ኦርኮ ዘረመል ራስህ አስነብብ። የታተመው ጂኖም (የ2018ቱ) ከአንድ የላብራቶሪ ዝርያ የተነበበ ነው፤ ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ መንጋ ላይ አንድ ፊደል ከተለየ፣ በተለይ መቁረጫው የሚያርፍባቸው ሁለቱ ጂ ፊደሎች ጎን ከሆነ፣ መሪው አይሠራም። ከዘረመሉ መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት መሪ ምረጥ።

እንቁላል ለማግኘት ደም ከጠጡ ሦስት ወይም አራት ቀን የሆናቸውን ጥቂት ሴቶች እርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ያለበት ቱቦ ውስጥ አስገብተህ ጨለማ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዋቸው። እንቁላሉ ሲጣል ነጭ ነው። ከዚያ ግራጫ ይሆናል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠቁራል። መርፌ የሚገባበት ጊዜ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሲሆን ነው። ነጭ እያለ ከወጋኸው ይፈነዳል፤ ከጠቆረ ቅርፊቱ መርፌህን ይሰብረዋል። ይህን መስኮት በሰዓት ሳይሆን በቀለም ተከታተል፤ ክፍሉ ቀዝቀዝ ሲል ይዘገያል።

እንቁላሎቹን በብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ደርድር። ሹል የሆነው ጫፍ የኋላው ነው፤ የምትወጋውም እሱን ነው፤ ወደፊት ዘር የሚሆኑት ሕዋሳት እዚያ ስለሚፈጠሩ። የፊቱን ጫፍ ብትወጋ የፊት አካሏ ላይ ለውጥ ያላት ትንኝ ልታይ ትችላለህ፤ ለልጆቿ ግን አታወርስም። ጥቂት አድርቃቸው፣ የእንቁላሉ ገጽ በትንሹ ሲጎደጉድ ሃሎካርቦን ዘይት ጨምርባቸው። ሳይደርቁ ከተወጉ ፈሳሹ ተመልሶ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ከደረቁ ይሞታሉ። እጅ የሚለምደው እዚህ ላይ ነው።

ለቅልቅሉ የተለመደው መነሻ መቁረጫው ካስ9 ፕሮቲን 300 ናኖግራም በማይክሮሊትር፣ መሪ አርኤንኤ 40 ናኖግራም በማይክሮሊትር ነው። ሁለቱን አዋህደህ ጥቂት ደቂቃ አቆየውና መርፌ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሴንትሪፊዩጅ አዙረው፤ ከላይኛው ፈሳሽ ብቻ ውሰድ። መርፌ የሚደፍነው ከታች የሚቀረው ዝቃጭ ነው።

ከውጊያ በኋላ ዘይቱን አስወግደህ እንቁላሎቹን እርጥብ ወረቀት ላይ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ አቆያቸው። ቢያንስ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ኦክስጅኑ የወጣለት ውሃ ውስጥ አስገባቸው፤ ኦክስጅን ሲቀንስ ነው የሚፈለፈሉት። ብዙዎቹ አይፈለፈሉም፤ ይህ የተለመደ ነው፣ ተስፋ አትቁረጥ። ነገር ግን ያልተወጉ ነገር ግን ዘይት የነካቸው እንቁላሎችን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያዝ። እነሱም ካልተፈለፈሉ ችግሩ መርፌው ሳይሆን አያያዝህ ነው።

ከዚያ ማጣራት። የተወጉት ትንኞች ራሳቸው ድብልቅ ናቸው፤ አንዱ ሕዋስ የተቆረጠ፣ ሌላው ያልተቆረጠ። ባህሪ አትለካባቸው። ካልተነኩ ትንኞች ጋር አዳቅለህ የልጆቻቸውን ኦርኮ በፒሲአር አባዝተህ አስነብብ። ሦስት፣ ስድስት ወይም ዘጠኝ ፊደል የተነሳባቸውን ተዋቸው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት አሚኖ አሲድ ብቻ አጥቶ ሊሠራ ይችላል። አራት፣ አምስት ወይም ሰባት የጎደለባቸውን ውሰድ። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አውጣና በመጨረሻ የምትለካባት ትንኝ አንዱን ቅጂ ከአንደኛው መስመር፣ ሌላውን ከሁለተኛው የወረሰች ትሁን። መሪው ሌላ ቦታ ላይ ያላየኸው ቁራጭ ቢኖረው ሁለቱ መስመሮች ያንን በጋራ የመያዛቸው ዕድል ትንሽ ነው። ኦርኮን በተመለከተ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ የ2013ቱም ሥራ የተጠናቀቀው በዚህ መንገድ ነው።

——

አባይ_ማዶ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ እህቴም ወንድሞቼም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኤዲስ ላይ የሚገኘውን ውጤት ለወባ ትንኝ መጠቀም ይቻላል? እኛ ዘንድ ዋናው ጭንቀት እሱ ስለሆነ።

——

ነፍሳት_አጥኚ መለሰ፦

መሠረቱ ይሸጋገራል፤ ዝርዝሩ አይሸጋገርም። ኦርኮ በነፍሳት መካከል ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ዘረመል ነው፤ ሽታውን የሚለዩት ኦሮች ግን በፍጥነት ይቀያየራሉ። የወባ ትንኟ አኖፌለስ ጋምቢዬ 79 የኦር ዘረመሎች ተቆጥረውላታል፤ ቁጥራቸውም ዓይነታቸውም ከኤዲስ ይለያል። የዲት ነገርም እንዲሁ ነው፤ በ2019 አኖፌለስ ላይ በተሠራ ሥራ የማሽተት ሕዋሳቱ ለዲት ብቻውን ምላሽ አልሰጡም፤ ዲት ከሌላ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ግን የዚያ ሽታ ትነት ስለቀነሰ ምላሹም ቀነሰ። ስለዚህ ከኤዲስ ተነስቶ ስለ አኖፌለስ መደምደም ያስቸግራል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከላብራቶሪ ውጪ የታየ ጥሩ ነገር አለ። ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ በሦስት መንደሮች ተሠርቶ በ2016 የታተመው ጥናት አኖፌለስ አረቢየንሲስ ከዶሮ እንደምትሸሽ አሳይቷል። በቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ ወጥመድ ሲቀመጥ ከጎኑ በኬጅ ውስጥ የተሰቀለ ዶሮ ወይም ከዶሮ ላባ የተለዩ ውህዶች ሲኖሩ የሚያዙት ትንኞች ቀንሰዋል። የትኛው ተቀባይ ነው ያንን ሽታ የሚይዘው የሚለው ለጥናት ሐሳብ የሚሆን ጥያቄ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲም አለች፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍታለች። እጮቿ እንደ ኤዲስ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሚያድጉ ድሬዳዋን በመሰለ ከተማ ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት ይቻላል።

——

ፓልፕ_ቀጂ መለሰ፦

ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይረሳ። ዘረመሉ ሥራ ማቆሙን ለማረጋገጥ ከአንቴናው ይልቅ ከፓልፑ ጀምር።

ፓልፑ ላይ ክብ ጫፍ ያላቸው አጫጭር የሽታ ፀጉሮች አሉ፤ እያንዳንዷ ውስጥ ሦስት የነርቭ ሕዋሳት ይኖራሉ። ትልቁን የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጠው ኤ የተባለው ሕዋስ በጂአር አማካይነት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል። ሲ የተባለው ደግሞ በኦር8ና በኦርኮ አማካይነት ከብት ከሚተነፍሰው ውስጥ የሚገኘውን ኦክተኖል ይይዛል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ ኦርኮ በሌላት ትንኝ የኦክተኖሉ ምላሽ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዳለ ይቆያል። ከአንዲት ፀጉር ላይ ማረጋገጫህንም ማነጻጸሪያህንም አገኘህ። ሁለቱም ከጠፉ ትንኟ እየሞተች ነው ወይም ምቱን የምትለካበት ኤሌክትሮድ ቦታውን ስቷል።

አሠራሩ፦ ትንኟን በቀጭን ተለጣፊ ቴፕ ስላይድ ላይ አስተኛት፣ ፓልፑን ብቻ በብርጭቆ ሽፋን ላይ ዘርጋ። አንደኛው የተንግስተን ኤሌክትሮድ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛው ከፀጉሯ ሥር። በእርጥበት የተሞላ ንጹህ አየር ያለማቋረጥ ይፍሰስባት፤ ደረቅ አየር ከሆነ ፓልፑ ይደርቅና ምቱ ይዳከማል። ኦክተኖሉን በፓራፊን ዘይት አቅጥን፤ 10 ማይክሮሊትር ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣል፣ ወረቀቱን ፓስተር ፒፔት ውስጥ አስገባ፣ ለግማሽ ሴኮንድ ንፋ። ከቀጭኑ ጀምረህ ወደ ወፍራሙ ሂድ፤ በተቃራኒው ካደረግከው የወፍራሙ ቅሪት ቱቦው ውስጥ ይቀርና ቀጥሎ የምትነፋው ሁሉ ኦክተኖል ይሆናል። ባዶ ዘይት በየመካከሉ ንፋ።

የራስህን ትንፋሽ አትርሳ። ኤ ሕዋስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት ጭማሪ ስለሚቀሰቅሰው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለህ ስትተነፍስ ምቱ ይበዛል። የባህሪ ሙከራ ስትሠራም ነገሩ ያው ነው፦ ሽቶ፣ ሳሙና፣ የጠዋት ቡና ሁሉም ይገባል። ጠረኑ የሚፈተንበትን ሰው እጅ በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ አዘጋጅና ትንኞቹ የሚመርጡባቸውን ሁለት ቱቦዎች ግራና ቀኝ እየቀያየርክ ለካ፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚሄዱ ትንኞች የሽታ ሳይሆን የመብራት ወይም የአየር ፍሰት ችግር ያመለክታሉ።

——

ማር_ሰፈር ጠየቀ፦

ንብ ላይስ? ነገሩ ከጉንዳን ጋር ነው ወይስ ከትንኝ ጋር የሚመደበው?

——

ጉንዳን_ቤት መለሰች፦

ከጉንዳን ጋር ይቀራረባል። የማር ንብ 170 የኦር ዘረመሎች አሏት። ድንጉላው (ወንዱ ንብ) አንቴና ላይ የሚበዛው ኦር11 የንግሥቲቱን ዋና ሽታ ለይቶ ይይዛል፤ ይህ በ2007 ተረጋግጧል። ክሪስፐር የተወጉ ንቦች ላይ ኦርኮ ሲቆረጥም እንክብሎቹ ቀንሰው ታይተዋል። ግን የንቧ መስመር ማርባት ከባድ ነው፤ ንግሥት ማሳደግ፣ ድንጉላ መሰብሰብና በመሣሪያ ማዳቀል ይጠይቃል። ተናዳፊዋ ንብ ከመንደፊያዋ የምትለቀው የሙዝ ሽታ ያለው ኬሚካልም በዚሁ የማሽተት ሥርዓት ነው የሚታወቀው። ጭስ ንብን የሚያረጋጋው በከፊል ያንን ሽታ እንዳትይዝ ስለሚያደርጋት ነው።

——

ጥቁር_እንቁላል፦

አባይ_ማዶ፣ መርፌ ከማዘዝህ በፊት የፈቃዱን ነገር ጨርስ። ዘረመሉ የተለወጠ ነፍሳት እዚህ አገር ለማርባት በባዮሴፍቲ አዋጅ ቁጥር 655/2001 (በ896/2007 የተሻሻለው፤ ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለማመልከቻው የትንኝ ክፍሉን ንድፍ አያይዝ፦ ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ የማይከፈቱበት መግቢያ፣ የፍሳሽ ውሃ ከመውጣቱ በፊት በሙቀት ወይም በክሎሪን የሚታከምበት መንገድ፣ ያመለጠችውን ለመያዝ ውጭኛው ክፍል ላይ ወጥመድ። የኤዲስ እንቁላል ደርቆ ለወራት እንደሚቆይ አትዘንጋ፤ ያገለገለ ማጣሪያ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ አይጣልም፤ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል ወይም በአውቶክሌቭ ይቀቀላል።